የሰርዴስ ሰላም

ፒክአፑ የወንዙን የእንጨት ድልድይ ሲወጣ ከኋላ የተሳፈሩት ሴቶች ሁሉ በአንድ ላይ ተንገጫገጩ። ኤርሊን በአንድ እጇ የቆርቆሮ ሳፋዎቹን፣ በሌላው የእናቷን ክንድ አፈፍ አድርጋ ያዘች። እናቷ ሉቬኒያ ታርቨር ግን ድጋፍ የምትሻ ሴት አልነበረችም። ከወጥ ቤት በመጣ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ወገብ ላይ የሚታሰሩ ረጃጅም ነጭ ፎጣዎች ታጥፈው ተደርድረዋል።

«እማዬ፣ ያዝ አድርጊ እንጂ!»

«ዕድሜዬን ሙሉ ማንን ተደግፌ አውቃለሁ?»

«እንግዲህ ብትወድቂ ከነፎጣሽ ነው የምንለቅምሽ» አለች ከጎን የተቀመጠች አንዷ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ሉቬኒያ አልሳቀችም። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ ያያት የለም።

ከድልድዩ ማዶ የፖሊስ መኪና መንገዱን ዘግታ ቆማለች። ፒክአፑን የሚነዳው የአዲሱ ሰርዴስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ሽማግሌ ጁባል ማክራይ ነበር። ሞተሩን አጠፋና ባርኔጣውን አወለቀ። ምክትል ሸሪፉ የመጀመሪያ ጢሙን ገና የተላጨ ጎረምሳ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ወዴት ነው ጉዞው?» አለ የአባቱን ታላቅ የሚሆነውን ሰው።

«ወደ አሮጌው ሰርዴስ ነው ጌታዬ። ዛሬ ጉባኤ፣ ነገ የጌታ እራት አለብን።»

«ከነሳፋው?»

«ከእራቱ በኋላ እግር እንተጣጠባለን ጌታዬ። ሥርዓታችን ነው።»

ምክትሉ ወደ ኋላ አንገቱን አስግጎ ሴቶቹን አያቸው። «የነጮቹን እግር ልታጥቡ ነው በሉኛ! ይህማ ጥሩ ነው።»

«እነሱም የኛን» አለች ሉቬኒያ።

የጎረምሳው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ጁባል ሁለት ጊዜ «ይቅርታ ጌታዬ» አለ፤ ሰውዬው የሚያደርገውን ሲያስብ ቆይቶ መኪናውን ወደ ዳር አወጣ።

ጥቂት እንደሄዱ ጁባል ጥግ ይዞ አቆመና ወርዶ ወደ ኋላ መጣ።

«እህት ሉቬኒያ፣ ይቺ ምላስሽ አንድ ቀን ታስቀብረናለች።»

«ዝም ባልኩም ጊዜ ቀብሬአለሁ» አለችው።

ጁባል ተመልሶ ሞተሩን አስነሳ።

ሁለቱ ሰርዴሶች ድሮ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ጌታና ባሪያ ባንድ ጣሪያ ሥር፣ ጌታው ከፊት፣ ባሪያው ከኋላ ካለው አጥር ወዲያ ሆኖ አንዱን አምላክ ያመልኩ ነበር። ነፃነት ሲመጣ የኛዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ የአባልነት መሸኛ ወረቀታቸውን ተቀብለው፣ ወንዙን ተሻግረው የራሳቸውን ሠሩ። ስሙን ግን አልተዉትም፤ ነጮቹ አሮጌው ሰርዴስ፣ እኛ አዲሱ ሰርዴስ ተባልን። ከዚያ በኋላ የአባቶቻችን ልጆች ልጅ ወልደው እስኪድሩ ድረስ በሁለቱ መካከል የነበረው ግንኙነት ቢኖር፣ አንዱ ሲሞት የሌላው ሰው መቃብሩን መቆፈሩ ነበር። የሚቆፍሩትም ሁልጊዜ የኛዎቹ ናቸው።

ያን ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1965 የካቲት ላይ፣ የጥቁሮች የመምረጥ ሕግ ገና ዋሽንግተን ላይ ሲያጨቃጭቅ፣ በአዲሱ ሰርዴስ አግዳሚዎች ላይ ገበሬዎች ተቀምጠው የምርጫ መመዝገቢያ እንዴት እንደሚሞላ ይማሩ ነበር። ወሬው ወንዙን ተሻገረ፤ ዛቻውም ተመልሶ መጣ። የሉቬኒያ ባል ኤዝራ «ቤቱን ባዶውን አንተወውም» ብሎ ብርድ ልብሱን ይዞ እዚያው ማደር ጀመረ። አንድ ሌሊት ቤተ ክርስቲያኑ ነደደ። ኤዝራም ውስጡ ነበር። የወረዳው ሹም መጥቶ አመዱን በጫማው ገለጥ ገለጥ አደረገና «ሽማግሌው ኩራዝ ገልብጦ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ኤዝራ ታርቨር ዕድሜ ልኩን ኩራዝ ገልብጦ አያውቅም።

በጋውን በትንባሆ ማድረቂያ ጎተራ ውስጥ እያላበን ስናመልክ ከረምን። አንድ እሑድ የአሮጌው ሰርዴስ መሪ ሽማግሌ ኦረን ሳይክስ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በጎተራው በር ላይ ቆመ። «እኛ ጣሪያ አለን፣ እናንተ የላችሁም። ይህን እያወቅሁ መስበክ አቃተኝ» አለ። ምስጋናውን አልነፍገውም፤ ለዚህ ቃሉ የመኪናው መስታወት ተሰብሮበታል፣ ወንድሙም ሰላምታ ነፍጎታል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተገናኙ ሲመክሩ ከረሙ። ጥቁሮቹ በፊት በር ይገባሉ። አጥሩ ይነቀላል። ጽዋው አንድ ይሆናል። አዲሱ ሰርዴስም በሁለቱ ምዕመናን እጅ እንደገና ይሠራል፤ እንጨቱን የሚሰጠው የመጋዝ ቤቱ ባለቤት፣ የአሮጌው ሰርዴስ ዲያቆን ሆሊስ ድራውዲ ነው።

ኤርሊን የምትሠራው እሱ ቤት ነበር። ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ወለል ትወለውላለች። ባሏ የእሱን ግንድ ይጎትታል፤ የሚኖሩበትም ቤት የመጋዝ ቤቱ ነው። በእሳቱ ማግስት ሰኞ ጠዋት የሆሊስ ሚስት ኔል የሚታጠበውን ልብስ በቅርጫት አቀበለቻት። ከላይ የተቀመጠው የሆሊስ ሰማያዊ ሸሚዝ ላምባ ላምባ ይሸት ነበር፤ የቀኝ እጅጌውም ተለብልቧል። ኤርሊን በአመድ ሳሙና አሽታ አሽታ አጠበችው፤ ሽታው ከሸሚዙ ሲለቅ እጇ ላይ ቀረ። አባቷን የቀበሩት በማግስቱ ነው።

እስከ ነሐሴ ድረስ ዋጥ አድርጋ ያዘችውና፣ አንድ ቀን ከእናቷ ጋር ኦቾሎኒ ስትነቅል አመለጣት። ሉቬኒያ አልጮኸችም። «ትመሰክሪያለሽ?» ብቻ አለቻት። ኤርሊን ስለ ቤቱ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ አወራች። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ወደ ኦቾሎኒዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ በመካከላቸው ስለ አየር ጠባይ እንጂ ሌላ ወሬ የለም።

አሮጌው ሰርዴስ ደጅ ሲደርሱ ጁባል ኤርሊንን ወደ ጥድ ዛፎቹ ጥላ ሳብ አደረጋት።

«እናትሽን አደራ። እንጨቱ የመጣልን ግማሹ ነው።»

«እኔ እናቴን መያዝ እችላለሁ ብለው ነው ሽማግሌ?»

«እኔማ ሞክሬ አቅቶኛል። አንቺ ልጇ ነሽ።»

በፊት በር ገቡ። ይህንን የጠሉ ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ቀድመው ቀርተዋል፤ የመጡት ነጮች ደግሞ ለጥቁሮቹ ቦታ ለመልቀቅ ሲሽቀዳደሙ እርስ በርስ ተገፋፉ። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ ተቀመጡ። አጥሩ የተነቀለበት ወለል ላይ እንጨቱ ነጣ ብሎ ይታያል። በኛ ዘንድ ኦርጋን የለም፤ መሪው አንድ ስንኝ ያወጣል፣ ሕዝቡ ያንኑ እየጎተተ ይቀበላል። ጁባል አወጣ፣ ሁለቱም ወገን ተቀበለ። ነጮቹ ቶሎ ቶሎ፣ የኛዎቹ ቀስ ብለው ሲሉት መጀመሪያ ተምታታ፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን ገጠመ፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው አለቀሰ። ኤርሊንም አለቀሰች። ምናልባት ነገሩ በዚሁ ያልፋል ብላ ተስፋ አደረገች።

እንግዲህ የኛ የነባሮቹ ባፕቲስቶች አንድ ሥርዓት አለን። ከጌታ እራት በፊት ባለው ቅዳሜ መሪው ሽማግሌ ቆሞ «ቤተ ክርስቲያኑ በሰላም ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም ከተባለ ሰላም ነው። አንድ ሰው ብቻ፣ የጎረቤት ላም በቆሎውን የበላችበትም ቢሆን፣ ተነስቶ «አይደለም» ካለ ግን ነገሩ እስኪታረቅ ኅብስት አይቆረስም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነዋ!

ሳይክስ ይህንን ጥያቄ ጎልማሳነቱን ሙሉ ሲጠይቅ ኖሯል። ምዕመናኑም ዝም ሲሉ ኖረዋል፤ ለእነሱ ጥያቄው ጉሮሮ እንደ መጥረግ ያለ ነገር ሆኗል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያን ሁሉ ወር ሲመክሩ ስለ በሩ፣ ስለ አግዳሚው፣ ስለ ጽዋው አንስተዋል። ዘንድሮ የሚጠየቁት ጥቁሮቹም መሆናቸውን ግን አንዳቸውም ልብ አላሉትም።

«ወንድሞችና እህቶች፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሰላም ነው ወይ?» አለ ሳይክስ፣ መልሱን ሳይጠብቅ የመጽሐፉን ገጽ እየገለጠ።

«አይደለም» አለች ሉቬኒያ።

ገጹ እጁ ላይ ቀረ። ቀና ብሎ አያት። ነጮች አሮጊት ጥቁር ሴት እንደሚጠሩት፣ ዕድሜዋን ሙሉ «አክስት ሉቬኒያ» ሲላት የኖረ ሰው ነው፤ እዚህ «እህት» ሊላት ተስማምቷል።

«እህት ሉቬኒያ... ከማን ጋር ነው?»

«ከወንድም ሆሊስ ድራውዲ ጋር።»

ሆሊስ ከዲያቆናቱ አግዳሚ ላይ አልተንቀሳቀሰም። ትልቅ፣ እርጋታ ያለው፣ በወረዳው የተከበረ ሰው ነው። ጉልበቱ ላይ የነበረውን ባርኔጣ ወደ ሌላው ጉልበቱ አዛወረ።

«ሥርዓቱን ታውቂያለሽ» አለ ሳይክስ ቀስ ብሎ። «ወንድምሽ ቢበድልሽ መጀመሪያ ለብቻው ነው። ሄደሽ አነጋግረሽዋል?»

«ሄጃለሁ። መጋዝ ቤቱ ድረስ። 'ኤዝራ ጥሩ ሰው ነበር' አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንጨት መላክ ጀመረ።»

«ሁለተኛ ደግሞ ምስክር ይዘሽ?»

«ምስክሬ እምቢ አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ፊት ብጠራት ትነሳ ይሆናል ብዬ ነው እዚህ ያመጣሁት። እዚያች ተቀምጣለች።»

በቤቱ ያለው ዓይን ሁሉ ኤርሊን ላይ አረፈ። ጁባል ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ከነጮቹ ሴቶች መካከል ኔል ድራውዲ አንገቷን አስግጋ ታያታለች፣ ዓይኗንም አትነቅልም። ሆሊስ ብቻ አላያትም። ነገ ማታ ልጆቿን የምታስተኛበት ቤት ላይኖራት እንደሚችል በዚያ ባልዞረ ፊት ላይ ተጽፎ አነበበች።

«እህት ኤርሊን፣ የምትናገሪው አለ?»

እናቷ ቆማ ትጠብቃለች፤ ጀርባዋን ሰጥታታለች፤ ልጄን በዓይኔ አላስጨንቅም ያለች ትመስላለች።

«የለም ጌታዬ» አለች ኤርሊን። «እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

ሳይክስ በረጅሙ ተነፈሰ። ምስክር የሌለው ክስ በሥርዓቱ ይወድቃል፤ ወደቀ። ሉቬኒያ ቀሚሷን አስተካክላ ተቀመጠች፤ ጉባኤው ወደ ጣሪያው ቆርቆሮና ወደ ምስማሩ ወሬ ተሻገረ።

ከጉባኤው በኋላ ከጥዱ ሥር ምሳ ተነጠፈ። ሁለቱ ወገኖች ገበታቸውን አገጣጥመውት ነበር፤ የተጠበሰው ዶሮ፣ የበቆሎ ቂጣው፣ የስኳር ድንቹ ሁሉ ባንድ ላይ። ሉቬኒያ ጫፍ ላይ ካለ ጉቶ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ነጭም ጥቁርም አጠገቧ አልደረሰም፤ የኛዎቹ እንዲያውም ይብስ ሸሿት። ኤርሊን ሳህን ሞልታ ወሰደችላት።

«ብዪ እማዬ። ከጠዋት ጀምሮ አልቀመስሽም።»

«አልራበኝም።»

«ተቆጣሽኝ?»

ሉቬኒያ ቀና ብላ አየቻት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ለኤርሊን ይቀላት ነበር።

«ምን አስቆጣኝ? ልጆችሽን የት ልታስገቢ ነው? አውቃለሁ። ሰላም ግን አይደለንም ልጄ። እንዳትሳሳቺ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

እሑድ ቤቱ ሞላ። ወሬ የሰማ ሁሉ መጣ፤ ከከተማም አንድ ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ መጥቶ ሳይክስ በትሕትና ወደ ደጅ መለሰው። ኅብስቱ ተቆረሰ። ጽዋው ከነጭ ወደ ጥቁር፣ ከጥቁር ወደ ነጭ እጅ ዞረ። አንዲት ነጭ አሮጊት ከአንድ ጥቁር አፍ የተቀበለችውን ጽዋ ትንሽ አመንትታ ጠጣች፤ ከጠጣች በኋላ ራሷ ገርሟት ፈገግ አለች። ይህን ያየ ሰው ወረዳችን ዳነ ቢል አይፈረድበትም። ኤርሊን በላች፣ ጠጣች። ሉቬኒያ ኅብስቱንም ጽዋውንም ሳትቀምስ ለቀጣይዋ አሳለፈች።

ቀጥሎ ሳፋዎቹ ገቡ። ወንድ የወንድን፣ ሴት የሴትን ያጥባል። ሰው ሁሉ የሚያጥበውን ራሱ ይመርጣል፤ ፎጣ ይታጠቃል፣ ይንበረከካል፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራል። መዝሙሩ አይቆምም። ሆሊስ ድራውዲ ቀጥ ብሎ ወደ ጁባል ሄደና ከፊቱ ተንበረከከ፤ ባለ መጋዝ ቤቱ ከጥቁር ሰው እግር ሥር! ወንዶቹ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ጁባል ራሱ እንባውን መቆጣጠር አቃተው። ሉቬኒያ ጥቁር ጫማዋን ከነክሩ እንዳሰረች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

ኔል ወደ ኤርሊን መጣች። የሉቬኒያን አንድ ፎጣ ታጥቃ፣ ጫማዋን አውልቃ ከአግዳሚው ሥር ትታ ነበር።

«እግርሽን ስጪኝ፣ ኤርሊን።»

ኤርሊን ሰጠቻት። ስንት ዓመት በጉልበቷ የዚህችን ሴት ወለል ስትፈትግ የእግሯን ጣቶች ለይታ ታውቃለች፤ አናቷን ግን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መሐሉ ላይ ፀጉሯ ሳስቷል፣ ሸብቷልም። ውሃው ለብ ያለ ነበር። የኔል እጆች ሥራ አልለመዱም፤ ለስላሳ ናቸው።

«ትናንት ስጠብቅሽ ነበር» አለች ኔል በሹክሹክታ፣ ራሷን ሳታነሳ።

«ምኑን ነው ሚስ ኔል?»

«እንድትነሺ። ሸሚዙን እኮ ምድጃ ውስጥ ልጨምረው እችል ነበር። አንቺ እንድታገኚው ብዬ ነው ከላይ ያደረግሁት። እኔ እንዴት እናገራለሁ? ባሌ ነው። ካንቺ ቢመጣ ብዬ... ይኸው ከየካቲት ጀምሮ እጠብቅሻለሁ።»

ኤርሊን መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ከዚያ ከእግሯ ጀምሮ እስከ አናቷ አንድ ሙቀት ወጣባት። ንዴት ነበር፤ እንዲህ ያለ ንዴት ለአባቷ ሞት እንኳ አልተናደደችም፤ ያኔ ፍርሃቱ ቦታ አልሰጣትም።

«እኔን ጠበቁኝ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የምተኛበት ጣሪያ የእናንተ ነው። ባሌ የእናንተን ግንድ ነው የሚጎትት። እርስዎ ፈርተው እኔ እንድደፍር?»

«ኤርሊን፣ እባክሽ...»

«የሸሚዛችሁን እድፍ ማጠቤ አንሶ ኃጢአታችሁንም እኔ ልጠብላችሁ?»

ኔል ፎጣውን ይዛ አቀረቀረች። እንባዋ ሳፋው ውስጥ ይንጠባጠባል።

«ተነሺ፣ ኔል» አለች ኤርሊን። «ሚስ» የሚለውን ከአፏ ያጣችው ሳታስበው ነው። «አብረን እንነሳ።»

«አልችልም።»

ኤርሊን እናቷን አየች፤ እናቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ያን ጊዜ ከሳፋው ወጣች። ከእግሯ የሚወርደው ውሃ ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

«ሽማግሌ ሳይክስ!»

መዝሙሩ ባንዴ አልቆመም፤ ከሴቶቹ በኩል ተቆርጦ ወደ ወንዶቹ እየዘለቀ ጠፋ።

«ትናንት ዋሽቻለሁ። ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። በእሳቱ ማግስት፣ የሚስተር ሆሊስን ሰማያዊ ሸሚዝ። ላምባ ይሸት ነበር፣ እጅጌው ተለብልቧል። እናቴ ጠይቃኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው እንጂ አውቃለሁ።»

ሆሊስ የጁባልን እግር በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ መለሰውና ተነሳ።

«መጋዝ ቤት የሚውል ሰው ሸሚዙ ላምባ ቢሸት ምን ይገርማል?» አለ ረጋ ባለ ድምፅ። «ቤቴ የምትሠራ ሴት ናት። እናቷ አስጠንታታለች። አዝንላታለሁ እንጂ አልቀየማትም።»

ከአግዳሚዎቹ መካከል ራስ የነቀነቁ ነበሩ። ንግግሩ ለጆሮ ይመቻል። የሳይክስ ፊት ግን ከአንገትጌው ይበልጥ ነጥቷል። እሱ የሚኖረው በሥርዓቱ ነው፤ በዚያች ሰዓትም ከሥርዓቱ ሌላ የሚጨብጠው አልነበረውም።

«በአንድ ምስክር ነገር አይጸናም» አለ። «ሁለተኛ ምስክር አለ?»

ኤርሊን ወደ ኔል በጣቷ ማመልከት ትችል ነበር። አላመለከተችም፤ ፊቷንም ወደዚያ አላዞረችም። ይህችን እንኳ እኔ አልሠራላትም አለች በልቧ።

«ኔል፣ ጫማሽን አድርጊ» አለ ሆሊስ። «እንሂድ።»

ኔል ከሳፋው ፊት ተንበርክካ ነበር። አልተነሳችም።

«ሸሚዙን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች ለወለሉ የምትናገር ይመስል። «ማታ ሲገባ ያወለቅሁለትም እኔ ነኝ። ውስጥ ሰው መኖሩን አላወቁም ነበር። እንደዚያ ብሎኛል። አላወቅንም፣ አልሰማንም ብሎኛል።»

«አልሰማንም?»

ይህን ያለችው ሉቬኒያ ናት። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«ኤዝራ መዝሙር ሲያወጣ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። እናንተ እዚህ ሆናችሁ ስትሰሙት ኖራችኋል። አልሰማንም?»

አንድ ሰው ከወንዶቹ በኩል ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ሆሊስ ኔልን ጠበቃት፤ እንደማትነሳ ሲገባው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በመሐል መተላለፊያው ሄደ። ኤርሊን ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ሳይመሽ ቤቴን ለቃችሁ ውጡ» አላት፤ ድምፁ ያው የረጋው ድምፅ ነው። ከእሱ ጋር ግማሽ ያህሉ ነጮች ተከትለው ወጡ፤ አንዳንዶቹ ጫማቸውን እንኳ ለማሰር ጊዜ አልወሰዱም። ከውጭ የመኪና ሞተር ሲነሳ ይሰማል።

ጁባል እግሩን ሳይደርቅ ካልሲው ውስጥ እየከተተ «እንጨቱን ነገ እንመልሳለን» አለ ለማንም ሳይሆን። «የተመታውንም ምስማር እንነቅላለን።»

ሳይክስ ከመድረኩ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ የተሸፈነው ኅብስትና ባዶው ጽዋ አሉ። የኅብስቱን ሽፋን ገለጠ።

«በልተናል እኮ» አለ። «ትናንት ሰላም ነው አልኩ፣ ዛሬ ቆረስኩላችሁ፣ በላን። እሱም በላ። ታዲያ የበላነው ምንድን ነው?»

ኔል አሁንም እንደተንበረከከች ናት። ኤርሊን ሳፋውን አነሳች፤ ውሃው ቀዝቅዟል። የት እንደምታስቀምጠው ሳታውቅ መሐል ወለል ላይ ቆመች።

ሉቬኒያ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።